እኔ ያላየሁት ሰማይ

ዓይኔን የሚጠራጠር ሰው አልነበረም፤ እኔም ራሴ ጭምር። የምሠራው ሰበታ ውስጥ በሚገኝ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው፤ ሥራዬ ጨርቅ መፈተሽ ነው። ከሥሩ መብራት የበራበት ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ጨርቁ እየተጎተተ ያልፋል። እኔ ደግሞ የተበጠሰ ክር፣ የዘይት ጠብታ ወይም የሳሳ ቦታ ካየሁ ምልክት አደርግበታለሁ። አዲስ ልጅ ስትቀጠር አለቃችን «መሰለች አጠገብ ቁሚና ተማሪ» ነው የሚላት። ይህን የምነግራችሁ ለመኩራራት አይደለም። በኋላ የሆነው ነገር ለምን እንደዚያ እንዳስደነገጠኝ እንዲገባችሁ ብዬ ነው።

ከወላይታ ወደ ሰበታ የመጣሁት ገና ልጅ ሆኜ ነው። ታናሽ ወንድሜ ደሳለኝ ተከተለኝ። እሱ ግን ፋብሪካ አልወደደም፤ ኮንስትራክሽን ገባና ሥራው ወደወሰደው ሲዞር ቆይቶ ሱሉልታ ተቀመጠ። አባታችን ካረፈ ቆይቷል፣ እናታችን አገር ቤት ናት። አልፎ አልፎ እሑድ ከአምልኮ በኋላ እንገናኛለን፤ ምሳ እንበላለን፣ ለእማማ እንደውላለን፣ ከዚያ እሱም ወደ ሱሉልታ፣ እኔም ወደ ሰበታ።

ያኔ ማታ ማታ ከቤት የማልወጣ ሴት ነበርኩ። ጀንበር ሳትጠልቅ ቤቴ መግባት አለብኝ። የማታ ፈረቃ ሲደርሰኝ ከሌሎች ሴቶች ጋር እቀያየራለሁ፤ እነሱም ቀን ቀን ልጆቻቸውን ለመያዝ ስለሚመቻቸው ደስ ይላቸዋል። ለምን ሲሉኝ «መንገዱ ጨለማ ነው፣ ውሻው አያሳልፍም» እላለሁ፤ ማንም አይከራከረኝም። አብራኝ የምትኖረው ጫልቱ «ዶሮ» እያለች ትስቅብኛለች። ጫልቱ የሰበታ ልጅ ናት፤ ቤተሰቦቿ ከጥንት ጀምሮ እዚያው የሚያርሱ ናቸው። መብራት ሲጠፋ እሷ ብድግ ብላ ሻማውን ታመጣለች፣ እኔ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። እሷ ቀልጣፋ፣ እኔ ደግሞ ዝግ ያልኩ ስለሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ሰው ሁሉ በጨለማ እንደ እኔ ግድግዳ እየዳበሰ የሚሄድ ነበር የሚመስለኝ። ሌላው ሰው እንዴት እንደሚያይ በምን ላውቅ እችላለሁ?

ጫልቱ ገመቹ የሚባል የአክስት ልጅ አላት። ቡራዩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራል፤ ነፍሱ ግን ያለችው ኮከብ ላይ ነው። ስንት ዓመት ቆጥቦ ቴሌስኮፕ ገዝቷል። ከቡራዩ ተነስቶ ገፈርሳ ግድብ ድረስ እየወጣ ሞክሮ ነበር፤ ግን የአዲስ አበባ መብራት ሰማዩን አንጥቶት አላስቀመጠውም። «ኮከብ ማየት የሚፈልግ በረሃ መውረድ አለበት» አለና ጨረቃ የማትወጣበትን ቅዳሜ መርጦ፣ ጓደኞቹን ሰብስቦ፣ አንድ ሚኒባስ ተከራይቶ አዋሽ ፓርክ ለመሄድ ተነሳ። ጫልቱ ያለ እኔ አልሄድም አለች።

«ውጭ ማደር አልወድም» አልኳት።

«መሲዬ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ዶሮ ሆነሽ ልትሞቺ ነው? አንዴ ብቻ! ካልወደድሽው ዳግመኛ አልጨቀጭቅሽም።»

እሺ አልኩ። ዓርብ ማታ ለደሳለኝ ስደውልለት ሳቀ። «ኮከብ ለማየት? ሰበታ ሰማይ የለም እንዴ?» አለኝ። ከዚያ የእሱን ሳምንት ጠየቅኩት። «ቅዳሜ ማታ የፎቁ ሶሌታ ይሞላል፤ ሲሚንቶው ሳይቋረጥ እስኪያልቅ እናድራለን» አለ። በርታ አልኩትና ዘጋሁት።

አዋሽ ከሰዓት በኋላ ደረስን። ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ፊት ላይ ይመታል። ከፓርኩ በር ላይ አንድ ጠባቂ ስካውት ተሳፈሩ፤ ጠብመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው የተቀመጡ ቀጭን የከረዩ ሰው ናቸው፣ ኦቦ ሮባ ይባላሉ። ጫልቱ በኦሮምኛ «አካም ጂርቱ ኦቦ?» ስትላቸው ፊታቸው ፈካ፤ ከዚያ በኋላ መንገዱን ሁሉ ሁለቱ ሲያወሩ ሄዱ። ቢጫው ሜዳ ላይ ስንጓዝ የሳላ መንጋ መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነበርኩ። እንደ እንጨት የቀኑ ቀንዶች ከግራሮቹ መሃል ብቅ ብለው ታዩኝ።

«እዚያ! ከግራሩ ጀርባ!» አልኩ።

ገመቹ መነጽሩን አስተካክሎ ከፈለገ በኋላ አገኛቸው። «አንቺ ልጅ፣ በዚህ ዓይንሽ ማታ ስንት ነገር ታዪ ይሆን!» አለኝ። ደስ አለኝ። ቶሎ በመሸ ብዬ የተመኘሁት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው።

ያረፍንበት ሜዳ ከአዋሽ ወንዝ ገደል ብዙም አይርቅም። ኦቦ ሮባ ገና ሳይመሽ ሁላችንንም ሰብስበው በእጃቸው ወደ ዛፎቹ አመለከቱ። «ከነዚያ ዛፎች ወዲያ ገደል ነው። ከጨለመ በኋላ ማንም ወደዚያ አይሂድ። ሽንት የፈለገ በመኪናው በኩል» አሉ። ሁላችንም እሺ አልን። ምንጣፍ አነጠፍን፣ ዳቦና ቲማቲም በላን። ጀንበሯ ከፈንታሌ ተራራ በስተጀርባ ስትገባ ገመቹ እንደ አስተማሪነቱ ብድግ አለ።

«ስልክ አጥፉ። ባትሪ የሚያበራ ሰው ካለ ቂሜን አልረሳም። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል፤ አንድ ብልጭታ ከታየ እንደገና ከመጀመሪያ ነው። ጋደም በሉና ታገሡ።»

ጋደም አልን። እኔ በጫልቱና በአንዲት የገመቹ የሥራ ባልደረባ መሃል ነበርኩ። የሰማዩ ብርቱካናማ ቀለም ወደ ሐምራዊ፣ ሐምራዊው ወደ ጥቁር ሲሄድ አየሁ። ከዚያ ጥቁር ሆነ፤ በቃ፣ ጥቁር። ዓይኔ እስኪለምድ ጠበቅኩ።

«ውይ!» አለች ጫልቱ።

«ኢየሱስ!» አለች በሌላው ጎኔ ያለችው።

ከወዲያ በኩል አንዱ ወንድ ዝም ብሎ ይስቃል፤ ደስታ ሲበዛ የሚመጣ ዓይነት ሳቅ። ገመቹ «አያችሁ? ያ ከአድማስ እስከ አድማስ እንደ ተደፋ ወተት የተዘረጋው፣ እሱ የእኛ ጋላክሲ ነው። ውስጡ ነን» ይላል።

እኔ ዓይኔን አሸሁ፤ ጨፈንኩ፤ ከፈትኩ። ሲጨፈንም ሲከፈትም አንድ ነው። ደመና መሰለኝ።

«ደመናው ይገፈፍ ይሆን?» አልኳት ጫልቱን ቀስ ብዬ።

«ቀልደኛ!» ብላ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። «መሲ፣ እዪው እንጂ! አሸዋ የተበተነ አይመስልም? እኔስ የወደቀብኝ መሰለኝ!»

«ያምራል» አልኩ።

ለምን እንዲያ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። አፌ ቀደመኝ። ሰዎቹ ሁሉ «ያቺን አያችሁ? ቀይዋን?» «በረረች! በረረች!» እያሉ አንድ ላይ ይጮሃሉ፣ አንድ ላይ ዝም ይላሉ። ሁሉም በእጅ የሚነካ ያህል የሚያወሩት ነገር ለእኔ የለም። ብዙ ሰዎች መሃል ተኝቼ እንደዚያ ብቻዬን የሆንኩበት ጊዜ የለም። እንባዬ መጣ። ጫልቱ እንዳታየኝ ብዬ ተነሳሁ። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ እሷ ታየኛለች ብዬ ፈርቻለሁ፣ እኔ ግን እሷን አላያትም።

«ጋቢዬን ከመኪና ላምጣ» አልኳት።

መኪናው ከራስጌያችን በኩል ቀጥ ብሎ እንደቆመ ቀን አይቼዋለሁ። ቀጥ ብዬ ሄድኩ። እጄን ወደፊት ዘርግቼ፣ እግሬን መሬት ላይ እየጎተትኩ። የመኪናው ቆርቆሮ እጄን ይነካኛል ብዬ ስጠብቅ እሾህ ያዘኝ። ቀሚሴን ከእሾሁ ሳላቅቅ ዞርኩ። ስዞር የመጣሁበት አቅጣጫ ጠፋኝ። የሰዎቹ ድምፅ ከግራ ይሁን ከኋላ አልለይ አልኩ፤ ሜዳው ድምፁን እየበተነ ያመጣዋል። ልጣራ ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ምን ብዬ? ሁሉም የሚያዩበት ቦታ ላይ ቆሜ ጠፋሁ ልበል? ጥቂት ደግሞ ተራመድኩ።

ከዚያ ውኃ ሰማሁ።

ወንዙ ሩቅ አልነበረም። ከፊቴም አልነበረም። ከእግሬ ሥር፣ ከታች፣ ከጥልቅ ነበር የሚሰማው። ፊቴ ላይ ቀዝቃዛ አየር ወደ ላይ ነፈሰ። ቀን ኦቦ ሮባ ያሳዩን ዛፎች ትዝ አሉኝ። የያዘኝ እሾህ የእነሱ ነበር። አልፌያቸዋለሁ ማለት ነው። ባለሁበት ቁጭ አልኩና መሬቱን በሁለት እጄ ያዝኩ። አንዲት ጠጠር ከእግሬ ተንሸራተተች። ስትወድቅ አልሰማኋትም።

«ጌታ ሆይ» ብቻ ነው ያልኩት። ከዚያ በኋላ ባለ በሌለ ድምፄ «ጫልቱ!» ብዬ ጮህኩ።

የሩጫ ኮቴ ሰማሁ። ከሁሉ ቀድሞ የኦቦ ሮባ ድምፅ መጣ። «ታኢ! ታኢ! ተቀመጪ ልጄ፣ እንዳትነሺ!» ከዚያ ሸካራ እጅ ብብቴ ሥር ገባና ወደ ኋላ ጎተተኝ። አዛውንቱ እየተነፈሱ «አላልኳችሁም? ወደዚህ አትሂዱ አላልኩም?» አሉ። ቁጣቸው የድንጋጤ ነበር።

ጫልቱ ደርሳ አቀፈችኝ። «ምን ሆነሽ ነው? መኪናው እኮ እዚያ ነው! ወዴት ነው የሄድሽው?»

«አልታየኝም።»

«ምኑ?»

«ምንም። ኮከቡም አልታየኝም ጫልቱ። ደመና መስሎኝ ነበር።»

ከእቅፏ ለቀቀችኝ። «ስንት ጣት ነው?» አለችኝ።

«የት?»

ትንፋሿ ሲቆራረጥ ሰማሁ። «መሲ» አለች በመጨረሻ፣ «እጄ እኮ አፍንጫሽ ሥር ነው።»

ምንጣፉ ላይ መልሰው አስቀመጡኝ። ገመቹ የራሱን ሕግ ሽሮ ባትሪ አበራ፤ የሁሉም ፊት ብቅ አለ። ሁሉም እኔን ያያሉ። «ዳፍንት ነው፤ የቪታሚን እጥረት ሊሆን ይችላል» አለ አንዱ። «ከልጅነትሽ ጀምሮ ነው?» አለኝ ገመቹ። እንጃ አልኩ። እውነትም አላውቅም። መቼ እንደጀመረ ለማሰብ ስሞክር ግን አባታችን ድንገት ፊቴ ድቅን አለ።

አባባ ጀንበር ስትጠልቅ ቤት ይገባና ከጓዳው ጥግ ለጸሎት ይቀመጥ ነበር። ለቅሶ ቢኖር፣ ሠርግ ቢኖር፣ ከብት ቢጠፋ፣ ከመሸ አይወጣም። «የጸሎት ሰዓቱ ነው» እንል ነበር፤ መንደሩም ያከብረዋል። ዕድሜው ሲገፋ ዓይኑ ጨርሶ ጠፋ፤ ሰዉ ሞራ ነው አለ። ይህን እያሰብኩ ከበረሃው ሙቀት መሃል ብርድ ብርድ አለኝ። ከአባቴ ወደ እኔ ከመጣ... ደሳለኝ! ደሳለኝ በዚያች ሰዓት ሱሉልታ፣ ፎቅ ላይ፣ በጨለማ ሶሌታ እየሞላ ነው።

ስልኬን አበራሁ። ኔትወርክ የለም። የሁሉንም ስልክ ለመንኩ፤ የአንዳቸውም አይሠራም። ኦቦ ሮባ በሌሊት መኪና ማንቀሳቀስ እንደማይፈቀድ፣ ጎሕ ሲቀድ ግን ራሳቸው እንደሚያስወጡን ነገሩኝ። ሌላ ምርጫ አልነበረም።

ገመቹ ምን እንደሚያደርግልኝ ጨነቀው። ቆይቶ ቴሌስኮፑን ሲያዞር ሰማሁት። «ነይ» አለኝ፤ እጄን ይዞ ዓይኔን ማያ መስተዋቱ ላይ አስጠጋልኝ። «ይሄ ብርሃን ይሰበስባል። አትቸኩዪ።»

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ አንዲት ክብ ብርሃን ተንሸራታ ገባች። ትንሽ፣ ለስላሳ፣ በቀጭን መስመር የታጠቀች። ጁፒተር ናት አለኝ። ከዚያ በፊትም ከዚያም ወዲህ እንደዚያ ትኩር ብዬ ያየሁት ነገር የለም። ከመስተዋቱ ስትወጣብኝ ገመቹ እያስተካከለ ይመልስልኛል፤ እሱ ሳይሰለች እኔ ደከመኝ። ሌሊቱን ግን ዓይኔን አልከደንኩም። ጫልቱ ክንዴን እንደያዘች አደረች።

መተሐራ ስንደርስ ስልኬ ሠራ። ደወልኩ፤ «የደወሉላቸው ደንበኛ ስልክ ጥሪ አይቀበልም» አለኝ። አዳማም ደወልኩ፣ ያው ነው። ቢሾፍቱም ያው። ጫልቱ «ሲሠራ አድሮ ባትሪው አልቆበት ነው፤ ተኝቶ ነው» ትለኛለች፤ ድምፅዋ ግን እሷንም አላሳመናትም። አዲስ አበባ ስንገባ ከሚኒባሱ ወርደን አዲሱ ገበያ ሄድን፣ ከዚያ የሱሉልታ ታክሲ ያዝን። እንጦጦን ስንወጣ ረዳቱ ሒሳብ ሲለኝ አልሰማሁትም፤ ጫልቱ ነች የከፈለችው።

የግንባታው ቦታ ስንደርስ የቆርቆሮው በር ላይ ጥበቃው ብቻ ነበር። «ደሳለኝ?» ስለው ፊቴን አይቶ «ምን ሆነሽ ነው እህቴ? ሌሊት ሲሠሩ አድረው ገና ተኙ እኮ» አለኝ። እዚያው አጥሩን ተደግፌ አለቀስኩ። ጫልቱ «ገለቶማ፣ ገለቶማ» እያለች ጥበቃውን ታመሰግናለች፤ ሰውየው ምን እንዳደረገላት አልገባውም።

ደሳለኝ ግቢው ውስጥ ባለች ክፍሉ ልብሱ ላይ ሲሚንቶ እንደ ደረቀ ነው የተኛው። ሲነቃ ደነገጠ። «እማማ ምን ሆነች?»

«እማማ ደህና ናት።» በሩን ዘጋሁት፣ መስኮቷን በብርድ ልብሱ ጋረድኩ። ክፍሉ ጨለመ፤ ለእኔ ጥቁር ሆነ። እጄን ወደ እሱ ዘረጋሁና የጫልቱን ጥያቄ ጠየቅኩት። «ደሴ፣ ስንት ጣት ነው?»

እጁ እየዳበሰ መጥቶ ክንዴን ያዘ። ከዚያ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ «አንቺም?» አለኝ።

ይህች አንዲት ቃል ናት ሕይወቴን የለወጠችው። ገደሉ አይደለም።

«ታውቅ ነበር?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? አንቺ ጨርቅ ላይ ፀጉር የምታዪ ሰው ነሽ። እኔ ብቻ የአባባን የወሰድኩ ነበር የሚመስለኝ።» ከዚያ ነገረኝ። አንድ ቀን ከአባባ ጋር ከገበያ ሲመለሱ መሸባቸው። አባባ ትከሻውን ይዞ «ልጄ፣ ዛሬ አንተ ምራኝ» አለው። ደሳለኝም «አባባ፣ እኔም አይታየኝም» አለ። «እጄን ይዞ ከመንገዱ ዳር ቁጭ አደረገኝ። ፋኖስ የያዘ ሰው እስኪያልፍ ድረስ ሁለታችንም ተቀመጥን። ሲያለቅስ ሰማሁት። ለእናትህም ለእህትህም አትንገር አለኝ።»

«ታዲያ ፎቅ ላይ በሌሊት እንዴት ነው የምትሠራው?»

«ፊት ለፊቴ የሚሄደው ልጅ ሰደርያው መብራት ሲያገኘው ያበራል። እሱን እያየሁ እሄዳለሁ። እሱ ያልረገጠበትን አልረግጥም።»

ሁለታችንም እዚያ ጨለማ ውስጥ ተቃቅፈን ተቀመጥን። ጫልቱ ከውጭ በሩን አንኳኩታ እስክትከፍተው ብርድ ልብሱን ለማንሳት ማናችንም አልተነሳንም።

ሐኪም ቤት አብረን ሄድን። የመረመረችን ዶክተር ወጣት ናት፤ ነገሩን አልሸፋፈነችብንም። ቪታሚንም ሞራም አይደለም፤ ሬቲና የሚባለው የዓይን ውስጠኛ ክፍል ቀስ በቀስ የሚደክምበት፣ በዘር የሚወረስ በሽታ ነው። አሁን ሊመልሰው የሚችል መድኃኒት የለም። ማታውን መጀመሪያ ይወስዳል፣ ከዚያ ከዳር ወደ መሃል ያጠባል። «በስንት ጊዜ?» አላት ደሳለኝ። «ከሰው ሰው ይለያያል፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም» አለችን። ስንወጣ ደሳለኝ ደረጃው ላይ ቆሞ «ቢያንስ ስሙን አወቅነው» አለ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለወጠ። ደሳለኝ ፎቅ መውጣት ትቶ እዚያው ሱሉልታ ብሎኬት ማምረቻ ገብቷል፤ የሚሠራው ቀን ቀን ብቻ ነው። እኔ ለአለቃዬ እውነቱን ነግሬዋለሁ። ያባርረኛል ብዬ ነበር፤ «ታዲያ ቀን ቀን ከአንቺ የሚበልጥ ማን አለኝ?» ብሎ የማታ ፈረቃዬን ሰርዞልኛል። ዓይኔ የሚጠብበት ቀን እንደሚመጣ እሱም እኔም እናውቃለን፤ እስከዚያው ድረስ ግን ጨርቁ ያልፋል፣ እኔም አየዋለሁ። ለእማማም ነግረናታል። ብዙ አለቀሰች። ከዚያ «ታዲያ ሲጸልይ የነበረው ውሸቱን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም አልኳት። ማየት ስላልቻለ ገባ፤ ከገባ በኋላ ግን የጸለየው ከልቡ ነው። እኔ እንደዚያ ነው የማምነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከአጠገባችሁ ያለው ሰው የሚያየው እናንተ የምታዩትን እንደሆነ እርግጠኛ አትሁኑ። እኔ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ የሰው ሁሉ ጨለማ እንደ እኔ ጨለማ ነው ብዬ ኖሬያለሁ። ወንድሜ ደግሞ ብርሃን የጎደለው ለእሱ ብቻ መስሎት ኖሯል። አንድ ማዕድ ላይ ስንበላ፣ አንድ ቤት ስናድግ፣ አንዳችን «አይታየኝም» ብንል ኖሮ ሌላኛችን «እኔም» እንል ነበር። ሲመሽ የሚሰናከል ልጅ ቤታችሁ ውስጥ ካለ አትቆጡት፤ ምን ይታይሃል ብላችሁ ጠይቁት። ገመቹ ያሳየኝን ያችን ክብ ብርሃን አልረሳትም፤ ከእሷ ይልቅ ግን በተጋረደ ክፍል ውስጥ የሰማኋት «አንቺም?» የምትለው ቃል ናት ያዳነችኝ።

አሁን ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር ደሳለኝ በየቀኑ ይደውላል።

«ገባሽ?»

«ገባሁ። አንተስ?»

«በሩ ጋ ነኝ። እስክገባ ድረስ እንዳትዘጊው።»

አልዘጋውም። ቁልፉን በእጁ ሲዳብስ እሰማለሁ፣ በሩ ሲንጢጥ ይላል፣ ከዚያ ማብሪያ ማጥፊያው «ቀጭ» ይላል።

«እሺ መሲ፣ በራ» ይለኛል።